አሮጌ ብስክሌት ላይ አዲስ ማርሽ ስለ ማስገባት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን ዳገት በብስክሌት ስወጣ፣ ከኮርቻው ብድግ ብዬ በሙሉ ኃይሌ ፔዳሉን ስረግጥ፣ ካቴናው ከጥርሱ ላይ ዘለለና እግሬ ባዶ ረገጠ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ፤ ብስክሌቱም ወደ መንገዱ መካከል ተወላገደ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ታክሲ ፍሬን ይዞ ባይቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። የሚያስገርመው ግን ካቴናው አዲስ መሆኑ ነው። ከምሳ ገንዘቤ ቈጥቤ ከገዛሁት ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። «ጋሼ፣ ካቴናው እኮ አዲስ ነው፤ ለምን ይዘላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም የኋላውን ማርሽ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ የሚዘለውማ አዲስ ስለ ሆነ ነው» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ መሰለኝ፤ ኋላ ግን ስመረምረው የጉዳዩ ሁሉ ቍልፍ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ መሆኑን ተረዳሁ።

ከእኛ መካከል በብስክሌት ወደ ትምህርት የሚመላለሰው ተማሪ አብዛኛው አዲስ ብስክሌት የገዛ አይደለም። አንዱ ከአባቱ፣ አንዱ ከአጎቱ የወረሰ፣ ሌላውም ከውጭ አገር አገልግሎ የመጣ የገዛ ነው። የእኔም አጎቴ በወጣትነቱ ይነዳው የነበረ የጣልያን ሥራ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው። አካሉ እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው፤ ማርሹና ካቴናው ግን አልቀዋል፤ የዚያ ዘመን መለዋወጫም እንደ ልብ አይገኝም። በገበያ የሚገኘው የዘመኑ ዕቃ ነው። ስለዚህ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማጋባት ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የግድ ነው። ይህንንም ሳያውቁ የሚሠሩት ሰዎች ገንዘባቸውን ያባክናሉ፤ አንዳንዴም ብስክሌቱን ራሱን ያበላሹታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፣ ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል ለማለት ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ የቋንቋ ተማሪ እንጂ የምሕንድስና ተማሪ አይደለሁም። ስለዚህ ነገሩን በምናውቀው ላስረዳ። በሰዋስው ትምህርት ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ በጾታና በቍጥር ካልተስማሙ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል፤ ይህ እስከ ተጠበቀ ድረስ ግን ከጥንት ቃል ጋር የትናንት ቃል ቢገባ ግድ የለም። ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ሁሉም ዕቃ ከሁሉም ዕቃ ጋር መስማማት የለበትም፤ የማይስማሙ ከሆነ ነገር የሚፈርስባቸው አምስት የመገናኛ ቦታዎች ግን አሉ። እነርሱም፦ የኋላው ጎማ ከብስክሌቱ አካል ጋር፣ ማርሹ ከጎማው እምብርት ጋር፣ ካቴናው ከጥርሱ ጋር፣ መቀየሪያው ከካምቢዮው ጋር፣ የመሐል ፐርኖውም ከአካሉ ጋር የሚገናኙባቸው ናቸው።

ልኩ ስለ ምን ተለያየ?

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ማርሽ በካምቢዮ መቀየር ለተወዳዳሪዎች የተፈቀደው በ1937 ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ በጣልያን አገር በቪቼንዛ ከተማ ድርጅቱን ያቋቋመው በ1933 ሲሆን፣ በ1950 ገደማ «ግራን ስፖርት» የተባለውን ካምቢዮ ለገበያ አቀረበ። በ1964 ደግሞ የጃፓኑ ሳንቱር ካምቢዮው የማርሹን ቍልቍለት ተከትሎ እንዲሄድ የሚያደርግ ሰያፍ አሠራር አወጣ። እስከዚህ ድረስ ነጂው ማርሽ የሚቀይረው መቀየሪያውን በጣቱ እየገፋ፣ በጆሮው እያዳመጠ ነበር፤ ልኩን የሚያገኘው ሰውየው ነው።

በ1984 ግን ሺማኖ መቀየሪያውን «ቀጭ» በሚል ድምፅ ደረጃ በደረጃ የሚቆም አደረገው። በ1990 ደግሞ ይኸው መቀየሪያ ከፍሬኑ መያዣ ጋር ተዋሐደ። ከዚያ ወዲህ ልኩን የሚያገኘው የነጂው ጆሮ መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካው መለኪያ ሆነ። የኋላው ማርሽ ቍጥርም ከ5 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 7፣ እንዲህ እያለ በዛሬው ጊዜ እስከ 12 እና 13 ደርሷል። ቦታው ግን ያንኑ ያህል ስላልሰፋ፣ ማርሾቹ እየተቀራረቡ፣ ካቴናውም እየቀጠነ ሄደ። የአለመስማማቱ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው።

አንደኛ፤ ጎማውና አካሉ

የኋላው ጎማ የሚገባበትን ክፍተት፣ ማለት በሁለቱ የብረት ጆሮዎች መካከል ያለውን ስፋት፣ ከውስጥ ወደ ውስጥ ለኩ። ባለ 5 ማርሽ የነበረ ብስክሌት ብዙ ጊዜ 120 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 6 ወይም ባለ 7 የነበረ 126 ሚሊ ሜትር ነው። ከ8 እስከ 11 ማርሽ የሚይዘው የመንገድ ብስክሌት ጎማ 130 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ የተራራ ብስክሌት ጎማ ደግሞ በተለምዶ 135 ነው። የእኔው 126 ሆኖ ተገኘ።

አካሉ አረብ ብረት ከሆነ፣ ከ126 ወደ 130 መውሰድ የሚያስፈራ ሥራ አይደለም፤ በያንዳንዱ ወገን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲያውም ብዙዎች በእጅ ትንሽ ከፈት አድርገው ጎማውን ያስገቡታል። ለዘለቄታው ግን ብረቱን ቀስ በቀስ፣ አንዱን ወገን ለብቻ፣ ሌላውንም ለብቻ ማስፋት ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የገፉ እንደ ሆነ ደካማው ወገን ብቻ ይታጠፋል። ትክክል መሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ክር ይበቃል። ክሩን ከአንዱ የኋላ ጆሮ አሥራችሁ በመሪው ቱቦ ፊት አዙራችሁ ወደ ሌላው ጆሮ መልሱት፤ ከዚያ በኮርቻው ቱቦ አጠገብ በግራና በቀኝ በክሩና በቱቦው መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። እኩል ከሆነ አካሉ ቀጥ ብሏል። ይህን ዘዴ በሰፊው ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ሼልደን ብራውን (1944–2008) የተባለው አሜሪካዊ የብስክሌት ዐዋቂ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አካሉ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ከሆነ ይህን ከቶ አትሞክሩት። አረብ ብረት ታጥፎ ይቆያል፤ እነዚያ ግን ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁም ወዲያው ላይታይ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ማርሹና የጎማው እምብርት

በአሮጌው አሠራር የማርሾቹ ስብስብ በሙሉ፣ ካልረገጡት በነጻ የሚሽከረከረውን ክፍል ጭምር፣ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት የጎማው እምብርት ላይ እንደ ብሎን እየዞረ ይገባል። በአዲሱ አሠራር ግን በነጻ የሚሽከረከረው ክፍል የሞዞው አካል ሆኗል፤ ማርሾቹ በላዩ ባለው መስመር ተንሸራተው ይገቡና በአንድ ቀለበት ይጠበቃሉ። ስለዚህ አዲሱን የማርሽ ስብስብ በአሮጌው ሞዞ ላይ ማስገባት አይቻልም። «ማርሹን ብቻ እለውጣለሁ» የሚል ሰው ጎማውንም እንደሚለውጥ ይወቅ።

ደስ የሚለው ነገር፣ የሺማኖ ባለ 8 ሞዞ ባለ 8፣ ባለ 9 እና ባለ 10 ማርሽ ሊይዝ ይችላል። ባለ 7 ማርሽም 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት ከበስተኋላው ከተጨመረለት ይገባበታል። የመንገድ ብስክሌት ባለ 11 ማርሽ ግን 1.85 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሞዞ ይፈልጋል። ይህች ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ልዩነት ስንቱን ሰው ወደ ሱቁ እንደ መለሰችው!

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ለምን ትደክማለህ? ያንኑ አሮጌውን አይነት አትፈልግም?» ቢለኝ መልሴ ዳገቱ ነው። የአጎቴ ብስክሌት ለሜዳ ውድድር የተሠራ ነው። የፊት ማርሹ ባለ 52 እና ባለ 42 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ማርሽ ባለ 24 ጥርስ ነበር። 42ን ለ24 ብናካፍል 1.75 ይሆናል፤ ይኸውም ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ከሦስት አራተኛ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ ወደ 2.1 ሜትር ስለ ሆነ በአንድ ዙር ወደ 3.7 ሜትር ያህል እንሄዳለን። በአዲሱ ባለ 32 ጥርስ ማርሽ ግን በአንድ ዙር የምንሄደው ወደ 2.8 ሜትር ነው። መንገዱ ያው፣ ዳገቱም ያው፤ በእግር ላይ ያለው ጫና ግን ከአራት አንድ እጅ ይቀንሳል። ሽሮ ሜዳ ደርሶ ትንፋሹን የሚፈልግ ሰው ይህን ሂሳብ ይወደዋል።

ሦስተኛ፤ ካቴናውና ጥርሱ

አሁን የሽማግሌውን ቃል የምንፈታበት ቦታ ደረስን። የብስክሌት ካቴና፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ከአንዱ ፒን እስከ ሌላው ፒን ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ ከመቶ ዓመት በላይ አልተለወጠም። ነገር ግን ካቴና ሲያረጅ ፒኖቹ ይበላሉና በመካከላቸው ያለው ርቀት በጥቂቱ ይረዝማል። ጥርሶቹም ከዚያ ከረዘመው ካቴና ጋር አብረው ይበላሉ። እንደ ባልና ሚስት አብረው ስለሚያረጁ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ እኛም ምንም አይታወቀንም። አዲስ ካቴና፣ ልኩ ያልተዛባ፣ በእነዚያ በተበሉ ጥርሶች ላይ ሲገባ ግን አይቀመጥም፤ ጥርሱ ላይ ይወጣና ኃይል ሲበዛበት ይዘላል። በእኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው። እውነትም የዘለለው አዲስ ስለ ሆነ ነበር።

ስለዚህ ካቴናውን በማስመሪያ ለኩ። ካቴናው በትክክለኛ ልኩ ሳለ 24 መገጣጠሚያ 12 ኢንች፣ ማለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። በ1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ረዝሞ ከተገኘ ካቴናው ብቻ ይለወጥ፤ ጥርሱ ገና ሊተርፍ ይችላል። በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ከረዘመ ግን የኋላው ማርሽም አብሮ እንዲለወጥ የግድ ነው። ይህን መለኪያ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሦስት ቀን የነዳሁበትን ካቴና ባልገዛሁ፣ ወይም ከማርሹ ጋር አብሬ በገዛሁ ነበር።

ሌላው ነገር የካቴናው ውፍረት ነው። ባለ 8 ካቴና በውጭ በኩል ወደ 7.1 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 9 ወደ 6.6፣ ባለ 10 ወደ 6፣ ባለ 11 ወደ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናው መመረጥ ያለበት በኋላው ማርሽ ቍጥር ነው። ባለ 8 ካቴና በአሮጌ የፊት ማርሽ ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል። ቀጭኖቹ ግን በሁለቱ የፊት ማርሾች መካከል ሊሰነቀሩ ስለሚችሉ፣ የፊቱን ማርሽ መለወጥ የማይፈልግ ሰው በ8 ቢቆም ይሻለዋል። እኔም 8ን የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

አራተኛ፤ መቀየሪያውና ካምቢዮው

ካምቢዮ የሚለውን ቃል፣ እንደ ማርሽ፣ እንደ ፍሬንና እንደ ኩሽኔታ ሁሉ፣ ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገነዋል፤ ትርጕሙም «ለውጥ» ነው። በብስክሌት ላይ ካቴናውን ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የኋላው ክንድ ነው።

«ቀጭ» የሚለውን መቀየሪያ ለሚፈልግ ሰው ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው፦ መቀየሪያው በአንድ ደረጃ የሚስበው የሽቦ ርዝመት፣ ካምቢዮው ያንን የሚያባዛበት መጠን፣ በማርሾቹም መካከል ያለው ርቀት። የሺማኖን የመንገድ ብስክሌት እንውሰድ። ባለ 8 መቀየሪያ በአንድ ደረጃ 2.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይስባል፤ ካምቢዮው በ1.7 ያባዛዋል፤ ውጤቱ ወደ 4.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በባለ 8 ማርሾች መካከል ያለውም ርቀት 4.8 ነው። ባለ 9 መቀየሪያ 2.5 ይስባል፤ በ1.7 ሲባዛ 4.25፤ የማርሾቹ ርቀት 4.35 ስለ ሆነ ይበቃል። ከዚህ የምንረዳው፣ ካምቢዮው ለሁለቱም አንድ መሆኑን ነው፤ ቍጥሩን የሚያውቁት መቀየሪያውና ማርሹ ናቸው። ስለዚህ «8» ተብሎ የተሸጠ ካምቢዮ በባለ 9 ማርሽ ላይ ቢሠራ አያስገርምም። የሺማኖ የተራራ ብስክሌት ካምቢዮም እስከ ባለ 9 ድረስ ከመንገዱ ጋር ይስማማል። በባለ 11 የመንገድ ዕቃ ግን የማባዣው መጠን ወደ 1.4 ስለ ተለወጠ ከቀድሞው ጋር አይገጥምም። ቀደም ያለው የሺማኖ «ዱራ ኤስ»፣ እስከ 1996 የተሠራው፣ ከወንድሞቹ የተለየ መጠን ስለ ነበረው እርሱንም ተጠንቀቁ። የካምፓኞሎና የስራም ዕቃዎች ደግሞ የየራሳቸው መጠን አላቸው።

የድሮውን፣ በጣት የሚገፋውን መቀየሪያ ያልጣለ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ሂሳብ ነጻ ነው። ያ መቀየሪያ ደረጃ ስለሌለው የማርሹን ቍጥር አይጠይቅም፤ 5 ቢሆን 8 ቢሆን ጆሮአችሁና ጣታችሁ ያገኙታል። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ እኔ የአጎቴን መቀየሪያ እንደ ያዝሁ የቀረሁት ስለዚህ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ያስቸግራል፤ ከዚያ በኋላ እጅ ይለምደዋል።

የካምቢዮው ክንድ ርዝመትም መታሰብ አለበት። የፊት ማርሾች ልዩነት (52 ሲቀነስ 42) 10 ጥርስ ነው፤ የኋላ ማርሾች ልዩነት (32 ሲቀነስ 11) 21 ነው፤ ድምሩ 31። ካምቢዮው የዚህን ያህል የካቴና መላላት መሰብሰብ አለበት፤ የአሮጌው አጭር ክንድ ይህን አይችልም። ባለ ረጅም ክንድ የተራራ ብስክሌት ካምቢዮ ግን በቀላሉ ይችላል። በድሮ የጣልያን አካል ላይ የካምቢዮው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ጥምዝ ከዛሬው ጋር እጅግ የተቀራረበ ስለ ሆነ፣ በቅባትና በዝግታ ከተጠመዘዘ ይገባል።

አምስተኛ፤ የመሐሉ ፐርኖ

ይህን ወደ መጨረሻ ያስቀረሁት ጕዳቱ ከሁሉ ስለሚብስ ነው። ፔዳሎቹ የሚሽከረከሩበት የመሐል ፐርኖ በአካሉ ውስጥ በግራና በቀኝ በሚጠመዘዙ ሁለት የኩሽኔታ ማቀፊያዎች ይያዛል። በእንግሊዝ ልክ የማቀፊያው ስፋት 1.37 ኢንች፣ የቱቦው ወርድ 68 ሚሊ ሜትር ነው፤ በካቴናው በኩል ያለው ማቀፊያ የሚፈታው ከተለመደው በተቃራኒ፣ ማለት እንደ ሰዓት ዘንግ አዙሪት ነው። በጣልያን ልክ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር፣ የቱቦው ወርድ 70 ነው፤ ሁለቱም ወገን በተለመደው መንገድ ይፈታል።

አንድ ጓደኛዬ የጣልያን ብስክሌቱን ወደ አንድ ሱቅ ወሰደ። ሠራተኛው የለመደው የእንግሊዙን ልክ ነበርና፣ ማቀፊያውን እፈታለሁ ብሎ በረጅም ቱቦ ኃይል ጨምሮ የበለጠ አጠበቀው። ከብዙ ትግል በኋላ ሲወጣ የአካሉ ጥምዝ አብሮ ተላጨ። ብረቱ እንደ ተላጨ ፐርኖው አይጠብቅም፤ ጓደኛዬም ሦስት ወር በእግሩ ተመላለሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። አንድ ማስመሪያ ወስዶ 68 ወይስ 70 ብሎ መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ፐርኖው ያለ ድምፅና ያለ መንቀጥቀጥ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አለመንካት ይሻላል፤ የእኔው ዛሬም የአጎቴ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ አካሉ አረብ ብረት መሆኑን በማግኔት አረጋግጡ። ቀጥሎ የኋላውን ክፍተት፣ የመሐሉን ቱቦ ወርድ፣ የካቴናውን ርዝመት ለክታችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የማርሹን ቍጥር ወስኑ፤ እርሱን ተከትሎ ሞዞው፣ ካቴናው፣ መቀየሪያው ይወሰናሉ። ወረቀቱን ሳትይዙ ወደ ገበያ አትውጡ። ሻጩ «ይገባል፣ ይገባል» ቢላችሁም ዕቃውን ፊቱ ላይ ለክታችሁ እንጂ ቃሉን ሰምታችሁ አትግዙ።

እኔ የለወጥሁት የኋላውን ጎማ፣ ማርሹን፣ ካቴናውንና ካምቢዮውን ነው፤ የተውሁት አካሉን፣ የፊቱን ማርሽ፣ ፐርኖውንና መቀየሪያውን ነው። ግማሹ የአጎቴ፣ ግማሹ የዘመኑ ሆነ ማለት ነው። ባለፈው ፋሲካ ቤት ስሄድ አጎቴ ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩትና ያን ትልቅ ማርሽ እያመለከቱ፣ «ይህ የእንጀራ ምጣድ ምንድን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ግን ወጥተው በሰፈሩ ዳገት አንድ ዙር ነዱና ሲመለሱ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ቍልፉን ጠይቀው ሁለተኛ ወጡ።

ካሊፐርና የካቴና መፍቻ አለኝ። ብስክሌቱን ለማስለካት የሚፈልግ ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ቢመጣ ያገኘኛል። ዋጋው ሻይ ነው፤ ገዝቶ የመጣ ሳይሆን ሊገዛ ያሰበ ሰው ቢመጣ ግን ሻዩን የምጋብዘው እኔ ነኝ።